ደብረ ጽዮን ወይስ ቱሉ ጉዶ፦ የአንዲት የዝዋይ ሐይቅ ደሴት ሁለት ታሪኮች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ የሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉት። ከአምስቱ ትልቋ በሁለት ስም ትጠራለች። ቤተ ክርስቲያን ደብረ ጽዮን ትላታለች፤ በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም ትልቁ ተራራ፣ ይላታል። ከውኃው ቀጥ ብላ የምትነሣ ኮረብታ ናት። በጎኗ በድንጋይ የተካበ የእርሻ እርከን፣ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት መንደሮች ይገኙባታል። ነዋሪዎቿ ዓሣ አጥማጆች፣ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ሲሆኑ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ዛይኛ ነው።

ስለዚህች ደሴት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ታሪክ ይደግማል፤ እርሱም ከአክሱም ስለ ሸሹ ካህናትና ከእነርሱ ጋር ስለ መጣች ታቦት የሚተረከው ነው። በአንጻሩ ዛይኛን ያጠኑ የቋንቋ ሊቃውንት ቋንቋው ከአክሱም ወገን እንዳልሆነ ካረጋገጡ ቆይተዋል። ሁለቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ስለ ሌላው የሚለው ነገር ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ያነሣል። መከራከሪያውም ይህ ነው፦ የደሴቲቱ ሃይማኖትና የደሴቲቱ ልሳን በአንድ ታንኳ ተሳፍረው አልመጡም። እያንዳንዱ የራሱ መነሻ፣ የራሱ ዘመንና የራሱ የመተላለፊያ መንገድ አለው። ይህ ከታወቀ የአፍ ታሪኩን ሐሰት ማለትም፣ የቋንቋውን ዝምድና መሸፋፈንም አያስፈልግም።

ስሞቹ የሚናገሩት

አስቀድሞ የቦታ ስሞችን እንመልከት። ሐይቁ በአማርኛ ዝዋይ ይባላል፤ በኦሮምኛ ደምበል ነው። በምዕራብ ዳርቻው ያለችው ከተማ ለረዥም ጊዜ ዝዋይ ስትባል ቆይታ ዛሬ በይፋ ባቱ ትባላለች። የደሴቶቹን ነዋሪዎች ኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ላቂ ብለው ሲጠሯቸው፣ ራሳቸውን ዛይ ይላሉ። ዛይና ዝዋይ የአንድ ስም ሁለት መልክ መሆናቸውን ጆሮ ይመሰክራል። ሐይቁ ከሕዝቡ ስሙን ወሰደ ወይስ ሕዝቡ ከሐይቁ የሚለው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ወሳኝ አይደለም፤ ወሳኙ ሕዝቡና ውኃው በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

የደሴቶቹ ስሞች በሦስት መደብ ይከፈላሉ። አንደኛው መደብ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደው ነው፦ ደብረ ጽዮን፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ። ይህ አሰያየም የዝዋይ ብቻ አይደለም፤ በመላው የኢትዮጵያ ገዳማት መነኮሳት የረገጡትን ተራራና ደሴት በቅድስት አገር ካርታ አምሳል ሰይመዋል። ገሊላ የተባለውም ደሴት በሐይቅ ውስጥ መሆኑ ስሙን ያወጣለት ሰው ወንጌሉን በልቡ ይዞ ውኃውን እንዳየ ያሳያል። ሁለተኛው መደብ የኦሮምኛው ነው፤ ቱሉ ጉዶ ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ነው። ይህ ስም ደሴቲቱን ከውጭ፣ ከዳርቻው፣ እንደ ተራራ ያያታል። ሦስተኛው መደብ ጸደቻ ለሚባለው ደሴት አይሱት፣ ፉንድሮ ለሚባለው ደግሞ ፋማት የሚሉትን ስሞች የያዘው ነው። እነዚህ እንደ ደብረ ሲና ከመጽሐፍ ተወስደው የተሰጡ አይመስሉም፤ ስለዚህም የተለየ ጥናት የሚገባቸው ናቸው።

እነዚህ መደቦች አንድ ነገር ይነግሩናል። ደሴቶቹን የሰየማቸው አንድ ሕዝብ በአንድ ዘመን አይደለም። የካህኑ ዓይን፣ የዳርቻው እረኛ ዓይንና የደሴተኛው የራሱ አንደበት እየተደራረቡ ቆይተዋል። የታሪክ ጸሐፊ ከሦስቱ አንዱን ብቻ መርጦ «እውነተኛው ስም» ቢል ሦስት ገጽ ካለው ሰነድ ሁለቱን ቀድዶ ጥሏል ማለት ነው።

በሰፊው የሚተረከው ታሪክ

በሰፊው የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። በ9ኛው ወይም በ10ኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዮዲት፣ ጉዲት የምትባለው ንግሥት፣ አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ። ከብዙ ጉዞ በኋላ ዝዋይ ደርሰው ታቦቷን በዚህች ደሴት አስቀመጡ። አገር ሰላም ሲሆን ታቦቷ ወደ አክሱም ተመለሰች፤ ከካህናቱ ግን በደሴቲቱ የቀሩ ነበሩ፤ ዛዮች የእነርሱ ልጆች ናቸው። ኅዳር 21 ቀን የሚከበረው የጽዮን ማርያም በዓል በደሴቲቱ ልዩ ክብር የሚሰጠውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ትረካ ውስጥ ታሪካዊ መሠረት ያለው ክፍል አለ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሐውቀል የተባለው ዐረብ ጂኦግራፈር ሐበሻን ስለምትገዛ አንዲት ሴት ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክም በፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘመን (979–1003) የሐበሻ ንጉሥ ለኖባ ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከውን የጭንቅ ደብዳቤ ይጠቅሳል፤ በደብዳቤው አንዲት ንግሥት አብያተ ክርስቲያናትን እንዳቃጠለችና ንጉሡን ከቦታ ቦታ እንዳሳደደችው ተገልጿል። እንግዲህ ጥፋትና ስደት እንደነበረ በዘመኑ ከተጻፉ ምንጮች እናውቃለን። ስደተኞቹ ዝዋይ ደረሱ የሚለውን ግን የሚነግረን የአፍ ታሪኩ ብቻ ነው።

ትረካው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ እንደሆነ የሚያመለክቱ ነገሮች አሉ። ታቦተ ጽዮን በአክሱም መኖሯን የኢትዮጵያ መንግሥት የክብር መሠረት ያደረገው ክብረ ነገሥት የተጠናቀረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ነው። በደሴቲቱ ከአክሱም እንደመጡ ከሚነገርላቸው መጻሕፍት መካከል ስንክሳር ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሸ ካህን ሊሸከመው አይችልም። ይህ ማለት መጻሕፍቱ ጥንታዊ አይደሉም ማለት አይደለም። ደሴቲቱ ከሰሜን ጋር የነበራት ግንኙነት በአንድ የሽሽት ጉዞ ተጀምሮ ያበቃ ሳይሆን፣ ከዚያም ወዲህ መጽሐፍ የሚመጣበት የቀጠለ መንገድ እንደነበረ ያሳያል።

የ14ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክም ይህንኑ ይደግፋል። ዐምደ ጽዮን በ1316/17 ዳሞትንና ሐድያን ካስገበረ በኋላ የክርስቲያኑ መንግሥት ክንድ እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደረሰ። ነገሥታቱ ብዙ ሚስት ማግባታቸውን ከተቃወሙት መነኮሳት መካከል ወደ ዝዋይ ደሴቶች የተጋዙ እንደነበሩ ከገድላት ይታወቃል። የግዞት ቦታ የተማረ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው፤ ንጉሥ ለቅጣት የላከው መነኩሴ ለደሴቲቱ መምህር ሆኖ ይቀራል። የደሴቲቱ የግእዝ ትምህርት ከአክሱም ስደተኛ ብቻ ሳይሆን ከሸዋ ግዞተኛም የመጣ ሊሆን ይችላል ብንል ከመረጃው አልራቅንም።

የቋንቋው ምስክርነት

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። ሮበርት ሄትዝሮን በ1972 ባሳተመው የኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋዎች ምደባ ዛይኛን ከስልጥኛና ከወለኔ ቋንቋ ጋር ምሥራቅ ጉራጌ በሚባለው ቡድን አስቀምጦታል። የዚህ ቡድን የቅርብ ዘመድ ሐረሪ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት ከአማርኛና ከአርጎብኛ ጎን ይቆማሉ። ቮልፍ ሌስላው በ1979 ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት የዛይን ቃላት ከሌሎቹ ጋር እያነጻጸረ አቅርቧል፤ በ1999 ደግሞ የዝዋይን የቋንቋ ሰነዶች ለብቻ አሳትሟል። ሮኒ ማየር በ2005 ያወጣው ገላጭ ሰዋስው የቋንቋውን መዋቅር ዘርዝሮ፣ ምደባውን በርእሱ ሳይቀር አጽንቷል።

ዝምድናው ጥቂት ቃላት በመመሳሰላቸው ብቻ የተገመተ አይደለም። ለምሳሌ በሐረሪና በምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች መኖሪያ ቤት «ጋር» ይባላል፤ ግእዝ፣ ትግርኛና አማርኛ «ቤት» በሚለው ሲጸኑ። የአናባቢ ርዝመት የቃል ፍቺ መለየቱም የዚህ ቡድን መታወቂያ ነው። ከዚህም በላይ ሌስላው በ1952 እንዳሳየው፣ የጉራጌ ቋንቋዎች፣ በተለይም የምሥራቁ ወገን፣ ከሲዳማና ከሐድያ ዓይነት የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረዥም ዘመን ተጎራብተው የወሰዷቸውን ቃላትና ባሕርያት ይዘዋል። እንዲህ ያለ ቅርስ ከአክሱም ተሸክሞ አይመጣም፤ እዚያው ደቡብ በጉርብትና ይገኛል እንጂ።

ግእዝ የሰሜን ኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋ ነው። የሰሜኑና የደቡቡ ቅርንጫፍ መለያየት ደግሞ ከዮዲት ዘመን በእጅጉ የቀደመ መሆኑን አብዛኞቹ አጥኚዎች ይስማሙበታል። ስለዚህ ከአክሱም የሸሹት ካህናት ዝዋይ ደርሰው ከነበረ፣ በአፋቸው ይዘውት የመጡት ቋንቋ ዛሬ በደሴቲቱ የሚነገረው አልነበረም። ልጆቻቸው የሌላ ሰው ቋንቋ ተናጋሪዎች ሆነዋል።

የዚያ የሌላው ሰው ማንነት ነው ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው። የዛይኛ የቅርብ ዘመዶች የሆኑት ስልጤዎች፣ ወለኔዎችና ሐረሪዎች ዛሬ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። ኡልሪኽ ብራውኬምፐር ስለ ሐድያ ባደረገው የታሪክ ጥናት እንዳመለከተው፣ የምሥራቅ ጉራጌና የሐረሪ ተናጋሪዎች አያቶች በስምጥ ሸለቆና ከዚያም በስተምሥራቅ ባለው አገር በመካከለኛው ዘመን ተያይዘው ይኖሩ ነበር። ይህንን ሰንሰለት የበጠሱት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶችና የሕዝብ እንቅስቃሴዎች ናቸው። በዚህ እይታ ዛይኛ ከሰንሰለቱ መካከለኛ ክፍል የቀረ አንድ ቀለበት ነው፤ በአንድ በኩል ስልጤ፣ በሌላ በኩል ሐረር፣ በመካከል በውኃ የተከበበች ደሴት። እንግዲህ በጽዮን ስም በምትጠራ ደሴት፣ በማርያም በዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ የሚሰማው ወግ የቅርብ ዘመዱን የሚያገኘው በሐረር ጀጎል ውስጥ ነው።

የቤት ውርስና የደብር ውርስ

ሃይማኖትና ልሳን እንዴት ሊለያዩ ቻሉ? መልሱ በመተላለፊያቸው ልዩነት ላይ ነው። የቅዳሴ ቋንቋ የሚተላለፈው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ነው። አንድ መነኩሴ፣ ሚስትና ልጅ ሳይኖረው፣ መጻሕፍቱን ይዞ መጥቶ፣ አምስት ልጆችን ፊደልና ዳዊት ቢያስተምር ደሴቲቱ ለዘመናት የሚበቃት የግእዝ ሥር ተተከለ ማለት ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን እንዲህ አይተላለፍም። እርሱ የሚወረሰው ከእናት፣ ከአያት፣ ከጎረቤት ልጅ፣ ከምድጃ ዳር ነው። ጥቂት ወንዶች፣ ይልቁንም ካህናት፣ ወደ አንድ አካባቢ ገብተው ከአገሬው ቢጋቡ ልጆቻቸው የእናቶቻቸውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ የአባቶቻቸውን ሃይማኖትና የትውልድ ትረካ ግን ሊይዙ ይችላሉ። በሌላም አቅጣጫ፣ ደቡባውያን ቤተሰቦች ወደ ደሴቲቱ ተሰድደው ቀድሞ የነበረውን ደብር ቢያገኙ፣ ቋንቋቸውን ይዘው ሃይማኖቱን ሊቀበሉ ይችላሉ።

ከእነዚህ ሁለት አካሄዶች አንዱን ብቻ መምረጥ አያስፈልግም፤ የደሴቶቹ የአፍ ታሪክ ራሱ ሁለቱንም ያውቃልና። ፖል ሄንዝን ጨምሮ የአካባቢውን ሽማግሎች ያነጋገሩ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ዛዮች የዘር ምንጫቸውን አንድ ብቻ አያደርጉም። ከአክሱም መጡ ከሚባሉት ሌላ ከሸዋ የመጡ፣ ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡም እንዳሉ ይናገራሉ። ለእንግዳ ፈጥኖ የሚነገረው፣ በመጽሔትና በመንገደኛ መምሪያ የሚጻፈው የአክሱሙ ትረካ ነው፤ የክብር ታሪክ ነውና። የቀሩት ግን በደሴቲቱ ውስጥ፣ የጎሣ ነገር ሲነሣ ይነገራሉ።

ይህ ነጥብ ለቋንቋ አጥኚ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የቋንቋው መረጃ የአፍ ታሪኩን አያፈርስም፤ የአፍ ታሪኩን ግማሽ ብቻ ሰምቶ የጻፈውን ሰው ያርማል እንጂ። ሙሉው የአፍ ታሪክና ሙሉው የቋንቋ መረጃ ሲቀመጡ ይስማማሉ፤ ከሰሜን ደብር መጣ፣ ከምዕራብና ከምሥራቅ ቤተሰብ መጣ፤ ሁለቱን ያገናኘ ሐይቅ ነው።

ውኃ እንደ መንገድ

ሌላም ሊታረም የሚገባው አስተሳሰብ አለ። ደሴት ሲባል ተለይቶ መኖር፣ ተለይቶ መኖር ሲባል ደግሞ ሳይለወጡ መቆየት ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣል። የዛይ ሕዝብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ደሴቶቹ ተዘግቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደገና «ተገኘ» የሚለው አጻጻፍ ከዚህ የመነጨ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእርግጥ ብዙ ነገር ተለወጠ። የሐይቁ አካባቢ በዚያ ዘመን ወጅ ከሚባለው አውራጃ ጋር ይያያዝ ነበር። የኢማም አሕመድን ዘመቻዎች የመዘገበው ዐረብ ፈቂህ ወጅን ከተያዙት አገሮች መካከል ያነሣዋል፤ ከኢማሙ ሞት በኋላም ዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559) በዚያ ከትሞ ነበር። ነገር ግን ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ጀምሮ የኦሮሞ ሕዝብ በአካባቢው እየሰፈረ ሲሄድ የክርስቲያኑ መንግሥት ወደ ሰሜን አፈገፈገ። ደሴቶቹ ከዚያ ወዲህ ከቤተ መንግሥቱ ተቆርጠው ቀሩ።

ከቤተ መንግሥት መቆረጥ ግን ከሰው መቆረጥ አይደለም። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 10 ሜትር የማይሞላ ረጋ ያለ ውኃ ነው፤ በታንኳ ይሻገሩታል። የደሴቶቹ መሬት ጠባብና ድንጋያማ በመሆኑ ሕዝቡ እርከን እየካበ ቢያርስም እህሉ ብቻውን አያኖረውም። ዓሣና ሸማ ወደ ዳርቻ ይወጣሉ፤ እህልና ከብት ወደ ደሴቱ ይገባሉ። የዚያ ገበያ ቋንቋ ኦሮምኛ ነበር፤ ዛሬም ነው። ስለዚህ ደሴተኛው ለዘመናት ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ሆኖ ኖሯል። በዛይኛ ውስጥ የሚገኙት የኦሮምኛ ውሶች የዚህ ኑሮ አሻራዎች ናቸው። ላቂ የሚለው ስምም ቢሆን በየጊዜው የሚገናኝ ጎረቤት ያወጣው ስም እንጂ ከሩቅ የተሰማ ወሬ አይደለም።

የቤተ መንግሥቱ ትውስታም ፈጽሞ አልጠፋም። በ1840ዎቹ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የነበሩ አውሮጳውያን፣ ሚስዮናዊውን ክራፕፍን ጨምሮ፣ በዝዋይ ደሴቶች ክርስቲያኖችና የጥንት መጻሕፍት እንዳሉ በሸዋ የሚነገረውን መዝግበዋል። የምኒልክ ጦር በ1886 አርሲን አጠቃልሎ ሲይዝ ደሴቶቹ ወደ ግዛቱ ገቡ እንጂ፣ ማንም ያላወቃቸው ሆነው አልተገኙም።

እንግዲህ ዛይኛ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ቆየ የሚለው ቃል ራሱ ሥራ የሌለበት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሥራ ነበር። ሦስት ቋንቋዎች ለሦስት ጉዳይ ተከፋፍለው ይሠሩ ነበር፦ ግእዝ ለጸሎት፣ ኦሮምኛ ለገበያ፣ ዛይኛ ለቤትና ለውኃ ላይ ሥራ። ዛይኛ የራሱ ድርሻ እስከነበረው ድረስ የሌሎቹ መኖር አልገደለውም።

የድርሻው መጥበብ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተለወጠው ይህ የሥራ ክፍፍል ነው። በመጀመሪያ አማርኛ የአስተዳደር፣ የፍርድ ቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ መጣ፤ በቤተ ክርስቲያንም የስብከት ቋንቋ ሆነ። ቀጥሎ የደሴቶቹ መሬት ለሚበዛው ሕዝብ አልበቃ ሲል ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ከተማ አካባቢ፣ ወጥተው ሰፈሩ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ፣ በቁቤ ጽሕፈት ይሰጣል። የዛይ ልጅ በቤቱ ዛይኛ፣ በትምህርት ቤት ኦሮምኛ፣ በስብከት አማርኛ፣ በቅዳሴ ግእዝ ይሰማል።

ከእነዚህ አንዱም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ቋንቋ ማወቅ የደሴቲቱ የቆየ ልማድ መሆኑን ከላይ አይተናል። አደጋው ሌላ ነው። በዳርቻው ሰፈሮች ዛይ የሆኑና ያልሆኑ ቤተሰቦች ተደባልቀው ይኖራሉ፤ ይጋባሉም። ምድጃ ዳር የሚነገረው ቋንቋ ሲለወጥ ዛይኛ የመጨረሻ ድርሻውን ያጣል። ግእዝን የሚያቆይ የአብነት ትምህርት አለ፤ ኦሮምኛንና አማርኛን የሚያቆይ ትምህርት ቤት፣ ሬዲዮና ገበያ አለ። ዛይኛን የሚያቆየው ቤት ብቻ ነው። በጥንት ዘመን ከካህናቱ ቋንቋ ይልቅ እርሱን ያጸናው ያው የቤት ውርስ፣ ዛሬ ብቸኛና ደካማ ምሰሶው ሆኗል።

ከቋንቋው ጋር የሚጠፋውም ነገር ግልጽ ነው። የውኃ ላይ ሥራ ቃላት፣ የንፋሱና የማዕበሉ ስሞች፣ የቆሮሶና የአምባዛ ማጥመጃ ዘዴዎች፣ የእርከን አካካብና የሽመና ቃላት በመጽሐፍ የሉም፤ ወይም ጥቂት ብቻ ናቸው። እነዚህ ቃላት ለታሪክ የሚሰጡት አገልግሎት ከሰዋስው አያንስም። የታንኳ አካላት ስም ከኦሮምኛ ነው ወይስ ከስልጥኛ ጋር የጋራ? የእርከን ቃል ከወዴት መጣ? የሽመና ዕቃዎች ስም ከሸዋ አማርኛ ጋር ይዛመዳል ወይስ ከጉራጌ? እያንዳንዱ መልስ ከየትኛው ሕዝብ ጋር የትኛው ሙያ እንደመጣ ይጠቁማል። የአፍ ታሪኩ «ከብዙ ቦታ መጣን» ያለውን በዝርዝር የሚተረጉም መዝገብ ይህ ነው።

ለአጥኚዎች የሚቀረው

ከላይ ከተባለው ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው የስያሜ ጉዳይ ነው። «ምሥራቅ ጉራጌ» የቋንቋ ምደባ ስም እንጂ የሕዝብ መታወቂያ አይደለም። ስልጤዎች በ2001 በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳላቸው መወሰናቸው ይታወሳል፤ ዛዮችም ራሳቸውን በራሳቸው ስም ይጠራሉ። አጥኚ የምደባውን ስም ሲጠቀም ይህንን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስረዳ፣ የቋንቋ ዝምድና የማንነት ፍርድ ተደርጎ እንዳይወሰድ ይረዳል። በተቃራኒውም ዛይን «የአክሱም ቅሪት» ብሎ ብቻ ማቅረብ ከስልጤና ከሐረሪ ዘመዶቹ ይቆርጠዋል። አንዱ አጻጻፍ ደብሩን፣ ሌላው ቤቱን ይነሣዋል።

ሁለተኛው የጽሕፈት ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል የአናባቢን ርዝመትም የተናባቢን መጥበቅም አያሳይም፤ በዛይኛ ደግሞ ሁለቱም ፍቺ ይለያሉ። ቁቤ ሁለቱንም ፊደል በመደጋገም ያሳያል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚማሩት እርሱን ነው። ነገር ግን ደሴቲቱ ለዘመናት መጻሕፍቷን የጠበቀችው በግእዝ ፊደል ነው። ስለዚህ የዛይኛ ጽሕፈት ምርጫ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የደሴቲቱ ሁለት ታሪኮች እንደገና የሚገናኙበት ቦታ ነው። ምርጫው የተናጋሪዎቹ ሲሆን፣ የአጥኚው ድርሻ እያንዳንዱ መንገድ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያሳጣ በግልጽ ማቅረብ ነው።

ሦስተኛው የአጠናን ጉዳይ ነው። ወደ ደሴቲቱ የሚሄድ አጥኚ በመጀመሪያ የሚገናኘው ከካህናትና ከወንድ ሽማግሎች ጋር ነው፤ እነርሱም የደብሩን ታሪክ በሚገባ ይነግሩታል። የቤቱ ታሪክ ግን በእናቶችና በአያቶች፣ በሸማኔውና በዓሣ አጥማጁ ዘንድ ነው። የሴት አያት ከየትኛው ደሴት፣ ከየትኛው ዳርቻ፣ ከየትኛው ቋንቋ ተናጋሪ ቤት እንደመጣች የሚመዘግብ የጋብቻ ታሪክ፣ ቋንቋው ከነማን ጋር ሲጋባ እንደኖረ ከማንኛውም የብራና መጽሐፍ ይልቅ ያሳየናል። ይህንን መዝገብ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን ይጠይቃል። ዛይኛን ከምድጃ ዳር የተማሩት አያቶች በሕይወት ሳሉ መሠራት ያለበት ሥራ ነው። የብራና መጻሕፍቱ በዕቃ ቤት ተጠብቀው ለነገ ይቆዩ ይሆናል፤ የአያቶቹን ቃል ግን የሚያቆይ ዕቃ ቤት እስካሁን አልተሠራለትም።